ጣሪያው ላይ የወደቀችው ሽመላ

ዓረብ አገር፣ ሀደት የሚባል ሰፈር ውስጥ በተመላላሽነት የምሠራላቸው ማዳሜ ጥልፍ ጠላፊ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ መርፌው ላይ ክር የማስገባላቸው እኔ ነበርኩ። ቀስ በቀስ መርፌውንም ሰጡኝ። የምንጠልፈው የተቃጠለ የጥድ ተራራ ወይም ፕላስቲክ የሞላበት የባሕር ዳር ነበር። ክሩን በሽንኩርት ልጣጭና በሮማን ቅርፊት ራሳችን እናቀልመዋለን።

መስከረም ላይ፣ አንድ ቀን ረፋድ፣ ጣሪያው ላይ ልብስ ሳሰጣ ተኩስ ሰማሁ። ሽመላዎች ሰማዩን ሞልተው ወደ ደቡብ እያለፉ ነበር። አንዷ ተገለባብጣ ያሰጣሁት አንሶላ ላይ ወደቀች። ወዲያው አልሞተችም። ክንፏ ሲሚንቶውን እየመታ፣ ነፍሷ እስክትወጣ ድረስ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ቀና ስል ከጎን ካለው ጣሪያ ጠመንጃ የያዘ ሰው እጁን አውለበለበልኝ። የማዳሜ ታናሽ ወንድም ነበር።

ሽመላዋን በአንሶላው ጠቅልዬ ወረድኩ። ማዳሜ ደሙን ሲያዩ «ሃራም፣ ምስኪን!» ብለው ተቀመጡ። አንሶላውን ላጥበው ስል እጄን ያዙኝ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ አትጠቢው። እሷኑ እዚሁ ላይ ጥለፊያት።»

ሳምንታት ፈጀብኝ። ላባዋንና ቀይ እግሯን ጨረስኩ፤ ዓይኗ ግን እምቢ አለኝ። በጠለፍኩት ቁጥር ስለሚያፈጥብኝ መልሼ እፈታዋለሁ። ማታ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ በሚባለው ሰፈር ወደምንኖርበት ክፍል ስገባም አልተወኝም። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ምንጣፍ ስታራግፍ የክንፍ ድምፅ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

«ጸልዪበት እንጂ» ትለኛለች። ጸለይኩ። ድምፁ ግን አልጠፋም።

በመጨረሻ ዓይኗን ጠልፌ፣ ቢያፈጥብኝም ሳልፈታው ለማዳሜ ሰጠኋቸው። ከምግብ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ሰቀሉት። እሑድ ወንድማቸው ለምሳ መጣ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ።

«እሷን ጠይቃት» አሉት ማዳሜ።

ሳህን እንደያዝኩ ነበር የቆምኩት። «ወደ አገሬ ስትሄድ የነበረች ወፍ ናት» አልኩት። «ክረምታችሁን እኛ ጋ ሐይቅ ዳር ነው የምታሳልፈው። ልጅ ሆኜ መምጣታቸውን እንጠብቅ ነበር።»

«ያኒ፣ ማለቴ፣ ወፍ እኮ ናት!» ብሎ ሳቀ። አብሮት የሳቀ የለም። ወንበሩን ወደ ሌላኛው ጎን ወስዶ፣ ለጥልፉ ጀርባውን ሰጥቶ በላ።

በዓመቱ ሽመላዎቹ ሲያልፉ ከእሱ ጣሪያ ተኩስ አልተሰማም። ጠመንጃውን ሸጦት ይሁን ወይ ሌላ ቦታ ይዞት ሄዶ፣ አልጠየቅኩም። ከሌሎቹ ጣሪያዎች ግን ተሰማ። ማዳሜ መስኮቱን ሊዘጉ ሲነሡ እንዳይዘጉት ለመንኳቸው። ክንዴን ይዘው፣ የመጨረሻዋ እስክታልፍ አብረውኝ ቆሙ።