ረዳት ማለት

እትዬ ብሩሽ የምንላት ጎረቤታችን ሥራዋ መኪና ላይ መጻፍ ነው። በመንገዳችን የሚያልፈው የጭነት መኪና ሁሉ ጀርባው ላይ የተሸከመው ጽሑፍ ከእሷ እጅ የወጣ ነው። «ቀስ በል፣ እናትህ ትጠብቅሃለች»፣ «ምቀኛ አይንካህ»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «እግዚአብሔር ረዳቴ ነው»። ይቺን የመጨረሻዋን ዓይኗን ጨፍና ትጽፋታለች። ሹፌር ፍሬኑን ከማስጠገን ይልቅ ይቺን ማስጻፍ ይቀለዋል።

ሱቁ ግን የባሏ ነበር የሚባለው። ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም፣ አፈሩን ያቅልልለት፤ ግን አንድ «ረ» ጽፎ ቀጥ ብላ የቆመችለት ቀን የለም። እሱ በሩ ላይ ተቀምጦ ከደንበኛ ጋር ይጫወታል። እሷ በጠመኔ ታሰምራለች፣ ቀለሙን በአኳራጅ ታቀጥናለች፣ ጎንበስ ብላ ትጽፋለች። ደንበኛው ሲሄድ «እጅህ ይባረክ» የሚለው ባልየውን ነው። ባልየውም «አሜን» ይላል። ሌላው ሁሉ ቢቀር «አሜን»ዋን እንኳ ለእሷ ቢተውላት ምን ነበረበት?

ባልየው ሞተ። ለለቅሶ የተዋሷቸው ወንበሮች ገና ሳይመለሱ ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ ከተፍ አለ። ዋርሳ ሲባል እንዲያው ስሙ ራሱ መውረስ መውረስ ይሸታል። ይኼኛው የራሱ የጭነት መኪና ያለው፣ በጸሎት ቤት የፊት ወንበር የማይለቅ፣ ሲዘምር መዘምራኑን የሚያስረሳ ሰው ነው። ነገሩን አላንዛዛም።

«ሱቁ የወንድሜ ነው። አሁን አማቼ፣ የልጄ ባል፣ የማተሚያ ማሽን ያስገባበታል። አንቺንም ሜዳ ላይ አንጥልሽም፤ የሱ ረዳት ሆነሽ ትሠሪያለሽ።»

«ሱቁን ያቆመው የኔ እጅ ነው። አልለቅም» አለችው።

ዋርሳው የጸሎት ቤቱን ሰባኪ ይዞ ተመለሰ። ለማስታረቅ ነው ተባለ፤ አስታራቂው ግን የመጣው በዋርሳው መኪና፣ የተቀመጠውም ዋርሳው ጎን ነው። አማቷ፣ የሟችና የዋርሳው እናት፣ ጥግ ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። ሰባኪው ከፍጥረት ጀመረ። ሴት የተፈጠረችው ለወንድ ረዳት እንድትሆን ነው አለ። ረዳት ደግሞ የበታች ነው፣ በላይ አይሆንም አለ። ሣራም ባሏን ጌታዬ ትለው ነበር አለ።

ሁልጊዜ ይቺው ናት። ሣራ «ጌታዬ» ማለቷ በየሰርጉ፣ በየሽምግልናው ይነገረናል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ፈጣሪ አብርሃምን «የምትልህን ስማት» ማለቱ ግን ሰባኪ እጅ ላይ ሲደርስ ገጹ ይጣበቃል። ዲቦራ ፈራጅ ሆና ወንድ ሁሉ ፊቷ ሲቆምም ገጹ ይጣበቃል። ይኼን ያህል ሙጫ ከየት እንደሚገዙ እንጃ።

እትዬ ብሩሽ ጥፍሯ ላይ የደረቀ ቀለም እየፋቀች አዳመጠች።

«ረዳት ማለት የበታች ማለት ነው?»

«አዎ እህቴ፣ የበታች ነው። ውርደት ግን አይደለም።»

«ውርደት ካልሆነ ለምን ለእርስዎ አይደርስዎትም?» 

ሰባኪው ሳለ። ዋርሳው ነገሩን ቆረጠው። «በቃ፣ ሰኞ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ። ደግሞ ሳልረሳው፣ መኪናዬ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ወጥቷል። ከመልቀቅሽ በፊት ያቺን «እግዚአብሔር ረዳቴ ነው» የምትለዋን ጽሑፌን አድሺልኝ። የዘመድ ሥራ ነው፣ ሒሳብ አንነጋገርም።»

እዚህ ላይ እኔ ብሆን ቆርቆሮውን ከነቀለሙ አናቱ ላይ ነበር የምደፋለት። ከሱቋ እያስወጣት፣ ስትወጣ መኪናውን አስጊጣለት እንድትወጣ። እሷ ግን ዋርሳዋን ትኩር ብላ አየችው።

«ችግር የለም ጋሼ። አቁመውና ሂድ።»

ስትጽፍ ደሟ ፈልቶ ነበር። መስመሯ ግን እንደ ክር ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ ቢጫ፣ ጥላው ቀይ፣ ከሩቅ የሚጣራ።

ዋርሳው ቅዳሜ ወሰደው። ሰው የገዛ መኪናውን የሚያየው ከፊት ነው፤ ጀርባውን ለተከታይ ይተወዋል። ቀኑን ሙሉ ከኋላው ያለው ሁሉ ጡሩምባ ሲነፋበት ሰላምታ መስሎት እጁን እያወዛወዘ ዋለ። እሑድ ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ አቆመው። ምእመኑ ሲወጣ ፊት ለፊት ተቀበለው፦

«እግዚአብሔር የበታቼ ነው»

ሰባኪው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ፊደሉ ያው ነው።

ዋርሳውና ሰባኪው መኪናውን ይዘው ሱቁ ሲደርሱ ግማሹ ምእመን ወደ ቤቱ የሚሄድ መስሎ ተከትሏቸዋል። እኛማ ወሬ በእግሩ ሲሄድ መቼ ተቀምጠን እናውቃለን! አማትየውም በዱላቸው እየተደገፉ ደረሱ።

«አንቺ ሴት፣ ምን ጉድ ነው የሠራሽኝ?» አለ ዋርሳው።

«የተማርኩትን ጻፍኩ ጋሼ። እግዚአብሔር ረዳቴ ነው አልከኝ። ረዳት ማለት የበታች ነው ተባልኩ። የማያውቅ ሹፌር እንዳይሳሳት ፍቺውን አወጣሁልህ።»

«ለእግዚአብሔር ሲሆን ሌላ ነው» አለ ሰባኪው።

«ምንድን ነው?»

«ኃይል ነው። በጭንቅ ሰዓት ደራሽ ማለት ነው።»

«ለእኔ ሲሆንስ?»

«አገባቡ ይለያል እህቴ።»

«አገባቡማ ያገባኛል» አለች። «አግብቼ ነው እዚህ ጎንበስ ብዬ ያረጀሁት። ቃሉ ያው ቃል ነው። እላይ ሲሆን ደራሽ፣ እኔ ላይ ሲወርድ የበታች ያደረገው ማነው? መጽሐፉ ነው ወይስ እናንተ? የበታች ያልከኝ በሰው ፊት ነው፤ አሁንም ሰው አለ። ተናገር።»

«አንተ» ብላዋለች፤ ሰባኪውን። ሰውም ሰምቷል። ሰባኪው መኪናውን አየ፣ ሰውን አየ። እንደዚያ የተጻፈበት መኪና የጸሎት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ማደሩን አሰበ መሰለኝ።

«እንግዲህ... ቃሉ አንድ ነው። ደራሽ ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ለእሷም?» አሉ አማትየው፤ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ለእሷም።»

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የወንድምህ እጅ ሲንቀጠቀጥ የደረሰችለት ይቺ ናት። እኔ አይቻለሁ፣ እንደ ድንጋይ ዝምም ብያለሁ። እኔም ባለቤቴ ቤት ረዳት ነኝ ብዬ ነው ዝምታውን የለመድኩት። ይበቃል። ቁልፉ እሷ ጋ ነው፤ እዚያው ይቆይ። ሱቁ የወንድሜ ነው ካልክ ወንድምህን የወለድኩት እኔ ነኝ።»

ከዋርሳው አፍ ይቅርታ አልወጣም። መኪናውን ብቻ አመለከተ።

«እሺ፣ እሱን አጥፊልኝ።»

እትዬ ብሩሽ ብሩሿን አኳራጅ ውስጥ ነክራ ወጣች። ከላይ አንድ ጊዜ ቀለም ቀባችበት፣ ሲደርቅ የድሮውን ጽሑፍ ጻፈችበት። ዋርሳው ጠጋ ብሎ አየ። «የበታቼ» የሚለው ከሥር እንደ ጠባሳ ይነበባል።

«ኧረ ይታያል! ሁለተኛ ቀለም ይፈልጋል።»

«ሁለተኛውን የሚቀባው ረዳቴ ነው» አለች፣ የቀለሙን ክዳን እየገጠመች። «ገና አልቀጠርኩም።»