አንድ ሎህ ለሁለት

ፈውዚያ የሼህ ጀማሉዲን ልጅ ናት። አባቷ መካነ ሰላም ውስጥ ቁርአን ያቀራሉ። በቤታቸው ቁርአን ለሚማሩ ሁለት ደረሶች አንድ ሎህ፣ አንድ የእንጨት መጻፊያ ሰሌዳ፣ አይሰጥም። አንዱ ሰሌዳውን አጥቦ የራሱን ይጽፍበታል፤ ሌላው ተመልሶ ይመጣና የራሱ መስሎት የሌላውን ያነባል። ፈውዚያ ይህን ገና ፊደል ሳትቆጥር ታውቀዋለች። ማወቅ ሌላ፣ ማድረግ ሌላ ሆነባት እንጂ!

ደሴ ኮምፒውተር ተምራ ተመልሳ፣ ዐረብ አገር ያሉ ልጆች ወደ አገራቸው ሲገቡ ለቤተሰብ በስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ትሠራለች። የሚያግዟት ኤጀንት የሚባሉ ሁለት የኤአይ ረዳቶች ናቸው። ኔትወርኩ እየተጎተተ ቢያስመርራት ሁለቱንም በአንድ ክፍት ብሮውዘር፣ በአንድ የኢንተርኔት መስኮት፣ አሠራቻቸው። ብልጠት መስሏት ደግሞ ጉራዋን በእኛ በጎረቤቶቿ ላይ ስትነዛ ከረመች።

አንደኛው ረዳት ስሕተት ሊያርም ብሮውዘሩን ከሙከራው ገጽ ወደ እውነተኛው የቤተሰቦች ገጽ አዞረው። ሁለተኛው ይህን አላወቀም። እዚያው ሙከራው ላይ ያለ መስሎት መሞከሪያውን ጽሑፍ ላከ፦ «ልጅዎ ሐሙስ ትገባለች፤ እንኳን ደስ አለዎት።» መልእክቱ የደረሰው ለጎረቤታችን ለእትዬ በዛች ነው። ልጃቸው ሀይማኖት ጂዳ ናት፤ የምትደውለው አሠሪዎቿ ሲፈቅዱላት ብቻ ስለሆነ ጠይቆ ማረጋገጥ አይቻልም።

ፈውዚያ ጥፋቷን ያወቀችው ከእትዬ በዛች ቤት በተሰማው እልልታ ነው። ኮምፒውተሯን አይታ፣ ነገሩ ገብቷት፣ ልትናገር እየሮጠች ስትመጣ ቤቱ ሞልቷል። ክርስቲያኑም እስላሙም ተሰብስቦ ሼህ ጀማሉዲን ዱአ ያደርጋሉ።

«የምሥራቹን ያመጣችልንን የፈውዚያን እጅ አላህ ይባርከው!»

«አሚን!» አለ ቤቱ። እሷም ከአፏ አምልጧት «አሚን» አለች። አጠገቧ ነበርኩ፤ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔም ስለሷ አፈርኩ።

«እትዬ በዛች፣ ሀይማኖት አትመጣም» አለች። «መልእክቱ የሙከራ ነው። ረዳቶቼ ናቸው የላኩት... አይ፣ እኔ ነኝ። ለሁለት አንድ ሎህ ሰጠኋቸው።»

አባቷን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ሼሁም የዘረጉትን እጅ ቀስ ብለው ሰበሰቡ።

እትዬ በዛች ተነሥተው የፈውዚያን ክንድ ያዙ። ፈውዚያ ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ስድብ ቢሆን በተሻላት።

«በአላህ አደራሽን የኔ ልጅ፣ ሀይማኖት ስትደውል ይህን እንዳትነግሪያት» አሏት። «እናቴን አስጠብቄ ቀረሁባት ብላ ታፍራለች።»