የአብዱልሐሊም አምስት መስፈርቶች

መርሳ ከተማ ላይ አክሲዮን መግዛት ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው እህል ነጋዴው አብዱልሐሊም ዘንድ ነበር። ወልድያ በተሰጠ የአንድ ቀን ስልጠና ላይ፣ በሀብቱ ስሙ የናኘ አንድ የውጭ አገር ሰው የሚያድግ ኩባንያ የሚመርጥባቸውን አምስት መስፈርቶች ገልብጦ መጥቷል። ትርፉ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ ያደገ፣ ዕዳው ትንሽ፣ ሥራው ለገዢው የሚገባው፣ መሪዎቹ የራሳቸውን ገንዘብ ያስገቡበት፣ ዋጋው ከትርፉ ጋር የሚመጣጠን። ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዟት ይዞራል። ሚስቱ ሀጂራ እኔስ ስታገባኝ በስንተኛው አለፍኩ እያለች ታሾፍበት ነበር።

የሰፈሩ ቅሬ ግን አላሾፈም። ለቀብርም ለችግርም የሚደርሰው ይህ ማኅበር ለዓመታት ባጠራቀመው ገንዘብ አክሲዮን ሊገዛ ሲያስብ ምርጫውን ለእሱ ሰጠው። አብዱልሐሊም ሁለት ዓመት ሙሉ ሪፖርት ሲያገላብጥ ከረመ። አንዱ በትርፍ ይወድቃል፣ ሌላው በዕዳ። ሰዎቹ መጠበቅ ሰለቻቸው፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ አምስቱንም አለፈ። ሊገዙ ሲሰናዱ ነሐሴ 2013 መጣ፤ ጦርነቱ መርሳ ገባ፣ መንገዱም ባንኩም ተዘጋ።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት የአብዱልሐሊም መጋዘን ባዶውን ቀርቷል። ማሽላውና ጤፉ፣ ሚዛኑ ሳይቀር ተወስዷል፤ በሩን እንኳ ገንጥለውታል። አራት ልጆቹን በምን እንደሚያሳድር ጨንቆት ሳለ የቅሬው ዳኛ ሀጂ ኡበይደላ አስጠሩት።

የቅሬው ገንዘብ ባንክ ስለነበር ደህና ነው። ጥያቄው የፋብሪካው አክሲዮን ይገዛበት ወይስ የተዘረፉት ነጋዴዎች ይቋቋሙበት የሚል ነበር። የተሰበሰቡት አባላት እንደ ልማዱ መርምሮ እንዲነግራቸው ፈለጉ።

አብዱልሐሊም ወረቀቷን አውጥቶ ከራሱ ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን የራሱን አድበስብሶ ያልፍ ነበር፤ ይሄ ግን ደረቅ ሰው ነው። ትርፍ የለም። ያስገባው ገንዘብ አመድ ሆኗል። የሚሸጠውም የለው፣ የሚመዝንበትም። ልጆቹ ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት፤ ቢሆንም አልዋሸም።

«እኔ በዚህ ወረቀት ወድቄያለሁ» አለ። «ፋብሪካውን ግዙ።»

ሀጂ ኡበይደላ ወረቀቷን ተቀብለው አገላበጧት። ያ ሀብታም ይህን ያወጣው የማያውቃቸውን ሰዎች ለመመርመር አይደለም ወይ ብለው ጠየቁት። አብዱልሐሊም አዎ አላቸው።

«እንግዲህ ልጄ፣ አንተን እናውቅሃለን። ልጆቹ ጦማቸውን እያደሩ በራሱ ላይ የሚፈርድ ሰው የእኛን አደራ አይበላም።»

የተቀመጡት ሁሉ ተስማሙ፤ መጀመሪያ የሚቋቋመው የእሱ መጋዘን ሆነ። ሲዘረፍ አንዲት እንባ ያልወጣው አብዱልሐሊም፣ ሰው ሁሉ እያየው ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎትቶ አለቀሰ።