የውሃ አባቱ ሰዓት

በአጎቴ ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «እንዳታስነጥሺ» የሚል ነበር። ሱቁ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር፣ በልብስ ሰፊና በጫማ ነጋዴ መካከል የተሸጎጠ ጠባብ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፤ በጨርቁ ላይ ከመርፌ ብዙም የማይወፍሩ ካቻቢቴዎች፣ ወረንጦና ዓይን ላይ የሚሰካ ማጉያ መነጽር ተደርድረዋል። አጎቴ አንድ የሞተ ሰዓት ሰጡኝና «ፍቺና መልሰሽ ግጠሚ» አሉኝ። ፈታሁት። ስገጥመው አንዲት ብሎን ተፈናጥራ ጠፋች፤ ወለሉን በመዳፌ ስዳብስ ዋልኩ።

በመስኮት ያየኝ አንድ መንገደኛ «ደግሞ ሴት ልጅ ሰዓት መፍታት ጀመረች?» ብሎ ሳቀ። አጎቴ ቀና እንኳ ሳይሉ «መፍታቱንማ አንተም አታጣውም፤ እሷ መግጠሙን ነው የምትማረው» አሉት። ብሎኗን ያገኘኋት ከገዛ ጫማዬ ሥር ነው። ይህን ሥራ እንደማልለቅ ያን ዕለት አወቅሁ። ስላገኘኋት አይደለም፤ ስላናደደችኝ ነው።

የአጎቴ ዓይን ሲደክም ወንበሩን ለእኔ ለቀቁልኝ። ሰው ሁሉ ሞባይል ሲይዝ ሰዓት ሠሪ አበቃለት ተባለ። አላበቃም። ሞባይል ጭቃና ውሃ አይወድም፤ መብራት በጠፋ ሰሞንም ኪስ ውስጥ ያለ ድንጋይ ነው። የእኔ ደንበኛ ደግሞ ጭቃ ውስጥ የሚውል ሰው ነው።

አያ ደሴ የመጡት በበጋ፣ በገበያ ቀን ነው። ከጋፋት ማዶ ያለ መንደር የውሃ አባት ናቸው። የውሃ አባት ማለት ከወንዝ የተጠለፈውን የመስኖ ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያካፍል፣ ገበሬው ራሱ የሚመርጠው ሰው ነው። በመሀረብ የተቋጠረ ሰዓት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ከመስታወቱ ሥር ውሃ ይንቀዋለላል።

«ይኼ ከይሲ ስሜን አጠፋው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በላይ ሰፈር ተራ ሰዓቱ ውሃ ገብቶት ቆመ። አያ ደሴ ቦይ ውስጥ ሆነው ሲቆፍሩ አላስተዋሉም። ውሃው ተራውን አልፎ የላይ ሰፈርን ነጭ ሽንኩርት ሲያጠጣ የታች ሰፈር ድንች ደርቆ ዋለ። ያ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የልጃቸው አማት ማሳ ሆኖ አረፈው! «ሰዓቱ ቆሞብኝ ነው» ቢሉ ማን ይመናቸው? ቢተው የሚባል የታች ሰፈር ጎልማሳ «የቆመ ሰዓት የለም፤ ዘመድ አይተው ነው» አለ። ለጊዮርጊስ በዓል ሽማግሌ ተቀምጦ ሊሽራቸው ተቀጠረ።

«ሹመቱ ይቅርብኝ፣ እታለም። ግን የውሃ ሌባ ተብዬ መቃብር ልውረድ?» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። አንጀቴን በሉት።

ውሃ የማይፈራ ሌላ ሰዓት ሊገዙ አንድ ሙክት ሸጠው ነው የመጡት። ከዚያ በላይ የላቸውም። ዓይናቸው ግን ወርቅማ ሰዓት ላይ ተተክሏል።

«ያ የሚያብለጨልጨውስ?»

«እሱ የሠርግ ነው። ጀርባው ላይ ውሃ አይገባኝም ብሎ ጽፏል፤ ዳመና ሲያይ ግን ያለቅሳል።»

«ይኼኛውስ?»

«ይኼ ጥሩ ነው፣ ግን የባትሪ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ያገኙት ሰው በቢላ ይከፍትልዎታል። የማሸጊያው ጎማ አንዴ ከተበላሸ ውሃው መንገዱን አወቀ ማለት ነው።»

ከመሳቢያዬ ሦስተኛውን አወጣሁ። ባሕር ዳር ካለ ነጋዴ ያመጣሁት ያገለገለ የጠላቂ ሰዓት ነው፤ ባሕር ሥር ገብተው ለሚሠሩ ሰዎች የሚሠራ ዓይነት። ወፍራም፣ ፊቱ የተጫጫረ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው። አያ ደሴ ሲያዩት ፊታቸው ወደቀ።

«ይኼማ የበሬ ቃጭል ይመስላል።»

«ይምሰል። ጀርባው እንደ ብሎን በጥርስ እየዞረ የሚጠብቅ ነው፤ መሙያ ቁልፉም እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞሮ ይዘጋል። ባትሪ የለውም። አውቶማቲክ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለች ብረት እጅዎ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየዞረች ትሞላዋለች። እርስዎ ሲቆፍሩ ይውላሉ፣ እሱ ሲሞላ ይውላል።»

በወሬ ብቻ አልሸጥኩላቸውም። የማሸጊያውን ጎማ በአዲስ ቀየርኩ። ሆድ ዕቃውን አውጥቼ በባዶው የሰዓቱ ቤት ውስጥ የሶፍት ቁራጭ ከተትኩ፤ መልሼ አጥብቄ ዘጋሁትና ድንጋይ አስሬ ባልዲ ውሃ ውስጥ ሰደድኩት። አያ ደሴ ገበያቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ዓይናቸው እያየ ከፈትኩት። ሶፍቱ ደረቅ ነው። በጣታቸው ነክተው አማተቡ።

በመስታወቱ ዙሪያ የምትዞረውን ቀለበት አሳየኋቸው። ውሃ ሲለቀቅ የቀለበቷን ምልክት ደቂቃ ቆጣሪው ላይ ያደርጋሉ፤ ቆጣሪው አንድ ዙር ሄዶ ምልክቱ ላይ ሲደርስ ተራው አበቃ። ስሌት የለውም፣ ማንበብ የማይችልም ያየዋል። ሙሉ ዕቃውን ገጥሜ እጃቸው ላይ አሰርኩላቸው። ቀና ብለው ሄዱ፤ እኔም ቀና ብዬ ዋልኩ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ የሱቄ በር ተበረገደ። አያ ደሴ ናቸው። ከኋላቸው የማላውቀው ጎልማሳ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል።

«አሞኘሽኝ!» አሉ አያ ደሴ። «ዛሬ ማለዳ ተራ ልጀምር ባየው ሞቷል። በቢተው ፊት! በሰው ሁሉ ፊት!»

«አንቺ ነሽ የቆመ ሰዓት የምትሸጪላቸው?» አለ ጎልማሳው። ቢተው እሱ ነው።

ከፍቼ አየሁት። ጠብታ ውሃ የለም፤ ዝገት የለም፤ የተነቀለ ብሎን የለም። ነቅነቅ ባደርገው መሄድ ጀመረ። ምንም ያልታመመ ሰዓት ሞቶ መምጣቱ ግራ ገባኝ።

«አያ ደሴ፣ ቅዳሜና እሑድ የት ነበር?»

«የት ሊሆን ኖሯል? ሳጥን ውስጥ ነዋ! ዓርብ ማታ አጥቤ፣ በነጠላ ጠቅልዬ ቆለፍሁበት። ቅዳሜ በዓል፣ እሑድ ሰንበት። ሙክት የተሸጠበት ዕቃ በሰንበት ዝም ብሎ ይጣላል?»

ሳቄ አመለጠኝ። አያ ደሴ ተቆጡ፤ እኔ ግን ማቆም አልቻልኩም። ያ ሰዓት የሚበላው የሰው እጅ ነው። እሳቸው አክብረው በረሃብ ገደሉት።

«ሰዓቱ አልታመመም፤ ጾም አስይዘውት ነው» አልኳቸውና ነገሩን አስረዳሁ። ከእጅ እንዳይወልቅ፣ ከወለቀም መሙያውን ፈትተው በእጅ ሞልተው መልሰው እንዲያጠብቁት አሳየሁ።

ቢተው ግን አልተዋጠለትም። «ይኼን ለጊዮርጊስ ለሽማግሌ ንገሪ» አለ።

«እነግራለሁ» አልኩት። ለጊዮርጊስ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ።

ሽማግሌዎቹ ቦዩ አጠገብ ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። ሁለቱም ሰፈር ወጥቷል። በዓል ስለሆነ መሬት አይቆፈርም፤ ውሃው ግን ለፍርድ ሲባል ለአንድ ተራ እንዲለቀቅ ተፈቀደ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ። «ሰዓቱን ቢተው ይሰርልኝ፣ ተራውም የእሱ ማሳ ይሁን።» ሰው አጉረመረመ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ወደዱት።

ቢተው ሰዓቱን አሰረ። ምልክቱን ቆጣሪው ላይ አደረግሁለት፤ ውሃው ተለቀቀ። ሰዓቱ እንዲሞት አስቦ ይመስለኛል እጁን እስከ ክርኑ ቦይ ውስጥ ነክሮ ያንቀረቅበው ጀመር። ሰዓቱ ሄደ። ሲያወጣው ሄደ። ሲነክረው ሄደ። አያ ደሴ ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀሳል።

ተራው ሊያልቅ ሲል የቢተው ድንች ገና ግማሹ አልጠጣም። ፊቱን ወደ ማሳው አዙሮ ቀለበቷን ነካ ነካ ሲያደርግ አየሁት። ምልክቱን ወደፊት ገፍቶ ተራውን ሊያስረዝም ነው። አልከለከልኩትም። ያቺ ቀለበት የምትዞረው ወደኋላ ብቻ ነው፤ ጠላቂ ውሃ ሥር ሳያውቅ ቢነካት ቶሎ እንዲወጣ እንጂ እንዲቆይ እንዳታሳስተው ተብላ ነው የተሠራች። ቢተው ገፋ፣ አልሄደችም። ጥርሱን ነክሶ ገፋ። ጣቱ አዳልጦት ወደኋላ ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለች፤ ምልክቱም ቆጣሪው ላይ ቁጭ አለ።

«ተራው አበቃ!» አልኩ።

«ኧረ አላበቃም! ገና ነበረው!» ብሎ ጮኸ ቢተው።

«እንዴት አወቅህ?» አሉት አንዱ ሽማግሌ።

ቢተው ጣቱን ከቀለበቷ ላይ ሲያሸሽ ሁሉም አየው። አዛውንቱ ቀጠሉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። በል ውሃውን ዝጋ።» ሁለቱም ሰፈር በሳቅ ተንጫጫ። ቢተው መጀመሪያ ፊቱ ደም ለበሰ፤ ቀጥሎ እሱም ሳቀ። ሰዓቱን ፈትቶ በሁለት እጁ ለአያ ደሴ አቀረበ።

«አያ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይኼ ዘመድ አያውቅም» አለ።

አያ ደሴ በዚያው አደባባይ በእልልታ ለሌላ ዘመን ተመረጡ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

ከዚያ ወዲህ ከእብናትም ከሐሙሲትም የውሃ አባቶች እየመጡ «ያን ቃጭል የሚመስለውን» ይሉኛል። አያ ደሴ ዛሬ ሰዓቱን ለበዓል አያወልቁም። ቤተ ክርስቲያን አስረውት ይሄዳሉ፤ በጾም ከስግደቱ ብዛት የተነሳ ከሥራ ቀን ይልቅ ሞልቶ ያድራል።

እናንተ ይህን ሥራ የጀመራችሁ፣ ውሃ የሚችል ርካሽ ሰዓት ምረጡልን የሚሏችሁ ብዙ ናቸው። ማሸጊያውን እዩ፣ መሙያውን እዩ፣ ባልዲ ውስጥ ክተቱት። ከመሸጣችሁ በፊት ግን ሰውየው በበዓል ቀን ሰዓቱን የት እንደሚያስቀምጠው ጠይቁት።