የተሰበረችው ደረጃ

የኮንዶሚኒየሙ ዘበኛ የሰውየውን ስም እንኳ አያውቀውም። ባለፈው ሳምንት ከደረጃ የወደቀው አዲሱ የጽዳት ሠራተኛ፣ ጄሶ የታሰረ እግሩን ካርቶን ላይ ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። የጤነኛ እግሩን ጫማ እንደ መስታወት ወልውሎታል። የኢንሹራንሱን ወረቀት በየደቂቃው ከደረት ኪሱ ያወጣል፤ «በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት» የሚለውን በጣቱ እየተከተለ አንብቦ፣ አጥፎ ይመልሰዋል።

ዘበኛው በቅናት እርር ድብን ይላል። የታደለ ሲወድቅም ያምርበታል! እሱ ከዚያችው ደረጃ የተንከባለለ ጊዜ የኮንዶሚኒየሙ ማኅበር ለሠራተኞቹ ኢንሹራንስ አልገባም ነበር፤ የደረሰው ካሳ «አይተህ አትረግጥም?» ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ያቺ ደረጃ ድሮም ስብር ነበረች?» አለው የጽዳት ሠራተኛው።

«ድሮም።»

«ታዲያ ከኔ በፊት የወደቀ የለም?»

«ሰው የሚባል አልወደቀም» አለና ዘበኛው፣ የመኪና ጡሩምባ ሰምቶ እያነከሰ በሩን ሊከፍት ሄደ።