ጽዋው በፕሮፌሰሩ እጅ

ዓመቱን አትጠይቁኝ፣ በትክክል አላስታውሰውም። ጅግጅጋ ውስጥ ሰው አፉን መሸፈን የተወበት ሰሞን ይመስለኛል። ልብስ ሰፊ ነኝና፣ ሰፍቼ ገዢ ያጣሁለት የአፍ መሸፈኛ አንድ ከረጢት ሙሉ ቤት ተቀምጦ ሚስቴ ነጭ ሽንኩርት ትቋጥርበት ነበር። ወሩንም አላውቀውም። የሚካኤል ማኅበር ተራ የደረሰኝ ወር መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው።

ግቢያችን ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ቤት አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር። ታሪክ ነው የሚያስተምረው። ሰፈሩ ፕሮፌሰሩ ይለዋል፤ እሱ “ገና ነኝ” ቢልም የሚሰማው የለም። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያለፍኩ ሰው አይደለሁም። እሱ ግን ከሥራ ሲመለስ በረንዳዬ ላይ ይቀመጥና ስለ ድሮ ነገሥታት ሲያጫውተኝ፣ “እርስዎስ ምን ይላሉ አባባ?” ብሎ ይጠይቀኛል። የምለው ባይኖረኝም መጠየቁ ደስ ይለኛል።

ነገሩ የተነሳው ክፍል ውስጥ ባስተማረው ነው። የቅዱሳን ተአምር የተጻፈባቸው አሮጌ መጻሕፍት በአንድ ሰው እጅ ብቻ የተጻፉ አይደሉም፣ የሚገለብጣቸው ሁሉ ከራሱ እየጨመረ ነው እዚህ የደረሱት ብሎ አስተማረ። አንድ ተማሪ ይህን ለሰንበት ትምህርት ቤት ነገረ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ለዲያቆናቱ፣ ዲያቆናቱ ለካህናቱ። ካህናቱ ጆሮ ሲደርስ “ፕሮፌሰሩ ተአምር የሚባል ነገር የለም አለ” ሆኖ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ካህን “ምንፍቅና ዲግሪ ለብሶ ከተማችን ገብቷል” ብለው አስተማሩ። ስም አልጠሩም። ሰው ሁሉ ግን ዞሮ እኔን አየኝ።

በማግስቱ የነፍስ አባቴ መጡ። ተቀመጡ ብላቸውም አልተቀመጡም።

“ያ ሰው አሁንም እዚሁ ነው?”

“እዚሁ ነው አባቴ። አሁን ግን ለማስተማር ሄዷል።”

“ችግሩስ ማስተማሩ አይደል እንዴ። ስማኝ ልጄ፣ የሚካኤል ዕለት ማኅበሩ አንተ ቤት ነው። ያን ቀን መጥቼ ከግቢህ ባገኘው ሌላ የነፍስ አባት ፈልግ።”

እኒህ አባት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኃጢአቴን የሰሙ ናቸው። ልጆቼን ያጠመቁ፣ ነገ ስሞትም የሚፈቱኝ እሳቸው ናቸው ብዬ ልቤን ያሳረፍኩባቸው ናቸው። ከሰባ ዓመት በኋላ ለአዲስ ቄስ ኃጢአትን ከሀ ብሎ መጀመር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ግማሹን ረስቼዋለሁ፤ ግማሹን ደግሞ ለወጣት ቄስ መንገር ያሳፍራል።

ስለዚህ ላስወጣው ቆረጥኩ። መጀመሪያ ቀን በሩን አንኳኳሁ፤ ሻይ አቀረበልኝ፣ ሱሪውን ላሳጥርለት ተስማምቼ ወጣሁ። በሁለተኛው ቀን ስለ ሐረር ግንብ አንስቶ አፌን አስከፍቶኝ ዋለ። በሦስተኛው ቀን “አንድ የምነግርህ ነገር አለ” ብዬ ጀመርኩ።

“ገብቶኛል አባባ፣” አለኝ። “ለማኅበሩ ወንበር አነሰ አይደል? ከጓደኞቼ አመጣለሁ።”

ሚስቴ ደጃፉ ላይ ትጠብቀኝ ነበር።

“ነገርከው?”

“ወንበር ያመጣልናል።”

“አንተን ብሎ አባራሪ፣” አለችና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

የግመል ወተት የምታመጣልን ሶማሌ ጎረቤታችን ፊቴን አይታ፣ “አዴር፣ አሞሃል እንዴ?” አለችኝ። እነሱ ታላቅ ሰውን አዴር ይሉታል፣ አጎቴ እንደማለት። ነገሩን ነገርኳት።

“የእኛም ሼኮች አንዱን ኡስታዝ እንዲህ ብለው አስነስተውት ነበር፣” አለች ወተቱን እየቀዳች። “አሁን ሸደር ከተማ ሆኖ ያንኑ ያስተምራል። አንተ ያከራየኸው ቤት ነው አዴር፤ አፉ የራሱ ነው።”

የሚካኤል ዕለት ደረሰ። ፕሮፌሰሩ በጠዋት ወንበሩን አመጣ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ማድ ቤት ገብቶ ብርጭቆ ያጥብ ጀመር። ሚስቴ “እንግዳ ፊት በሸሚዝ አትወጣም” ብላ የእኔን ነጭ ጋቢ አለበሰችው። የነፍስ አባቴ ገና ከበሩ “ወጣ?” አሉኝ። “ቤቱ የለም አባቴ” አልኩ። ቤቱ አልነበረም፣ ማድ ቤት ነበር።

በእኛ ማኅበር ሥርዓት ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ጽዋው በጨርቅ ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። ካህኑ ይመርቃሉ፣ ማኅበርተኛው አሜን ይላል። አሜን ከተባለ በኋላ የያዘው ሰው ደጋሽ ነው፤ ጽዋ አይመለስም። የዚያን ቀን ተረኛው ጨርቅ ነጋዴ ዕቃ ሊያመጣ ጠረፍ ድረስ ቶጎ ውጫሌ ሄዶ ኖሮ፣ ስንደውልለት “መንገድ ላይ ነኝ” ይላል። መንገድ ላይ ነኝ የሚል ሰው የት እንዳለ ታውቁታላችሁ።

እኔ ጽዋውን ይዤ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። የነፍስ አባቴ የወጡ እንፋሎት ያደበዘዘውን መነጽራቸውን አውልቀው እጅ መታጠቢያ ጠየቁ። ውሃውን ይዞ ብቅ ያለው ፕሮፌሰሩ ነው። ደነገጥኩ። ለነፍስ አባቴ ውሃ የማፈስሰው እኔ ነኝ ብዬ ማንቆርቆሪያውን ነጠቅኩት፤ እጄ ላይ የነበረውን ጽዋ ደግሞ ለእሱ አስያዝኩት። ምን ሳስብ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

አባታችን ቀና ሲሉ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ጽዋ ይዟል። ተረኛው የደረሰ መሰላቸው።

“በል ልጄ፣ ቅዱስ ሚካኤል ይጠብቅህ፣ ቤትህን ይሙላው፣ የወር ሰው ይበለን።”

ማኅበርተኛ ምርቃት ሲሰማ ቀና ብሎ ሳያይ ነው አሜን የሚለው። ቤቱ በአሜን ተሞላ። ፕሮፌሰሩም ጽዋውን እንደያዘ አሜን አለ።

አባታችን መነጽራቸውን አደረጉ።

“ማነው ይኼ?”

“ተከራዬ ነው አባቴ።”

“ያ ተከራይህ?”

“ያው እሱ።”

አንዱ “ምርቃቱ ይነሳ” አለ፣ ሌላው “ምርቃት እንዴት ይነሳል?” አለ። ሁሉም ወደ ማኅበሩ ሙሴ ዞሩ፤ የማኅበር አለቃ ሙሴ ነው የሚባለው። የእኛ ሙሴ በወጣትነቱ አዲጋላ ጣቢያ የባቡር ሠራተኛ የነበረ፣ ሥርዓት ሲዛነፍ የማይወድ ሽማግሌ ነው።

“አባታችን መርቀዋል፣ እኛ አሜን ብለናል፣” አለ ቀስ ብሎ። “ባቡሩ ፊሽካውን ነፍቶ ተነስቷል።”

“እሱ እኮ ማኅበርተኛ አይደለም፣” አሉ አባታችን።

“ጽዋ የያዘ ማኅበርተኛ ነው።”

“ተአምር የለም የሚል ሰው?”

“ታዲያ ይኼ ምንድነው አባታችን? ሊያስወጡት መጥተው ቤቱ ሊበሉ ተቀጠሩ።”

መጀመሪያ የሳቀችው ሚስቴ ናት። ከዚያ ማን እንደቀረ አላውቅም። እኔ ከሳቄ ብዛት ማንቆርቆሪያውን አዘንብዬ የነፍስ አባቴን ጫማ አጠብኩት። እሳቸው ጺማቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

በወሩ ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ ተጠቅጥቀን ተቀመጥን። ሁለት ካህናት እንቢ ብለው ቀሩ፤ የነፍስ አባቴንም ኋላ ክፉኛ ወቀሷቸው። እሳቸው ግን መጡ። ጠበሉን መጀመሪያ የረጩት መጻሕፍቱ ላይ ነው። ከዚያ እስኪመሽ ተከራከሩ።

“ተሳስተሃል፣” ይሉታል።

“ሊሆን ይችላል አባታችን።”

“ሊሆን ይችላል አትበለኝ፣ ተሳስተሃል። ወጡን ጨምርልኝ።”

አልተስማሙም፤ እስከ ዛሬም አይስማሙም። እሱም ሰርቪሷን አልለቀቀም፣ እኔም ሌላ የነፍስ አባት አልፈለግሁም። ስለ ማድ ቤቱ ነገር ተናዝዤ አርባ ስግደት ተሰጠኝ፤ በዚህ ጉልበቴ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ያን ጊዜ እንዴት አለፍከው ለሚለኝ ግን መልሴ አንድ ነው፦ በማኅበራችን ሙሴ፣ በአዲጋላው የባቡር ሠራተኛ።