በባቄላ የተቆጠረ ድግስ

ወንድሜ የተወለደው በኅዳር ሚካኤል ቀን ነው። ከእሱ በፊት እናቴ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዳ ሁለቱም ድክ ድክ ማለት ሳይጀምሩ ሞተውባታል። ስለዚህ እሱን ስትወልድ ተሳለች፦ ሰባት ዓመት ከሞላው በዚያው ቀን ጠጉሩን ቤተ ክርስቲያን አስላጭታ፣ የሰፈሩን ልጆች ቤቷ ሰብስባ፣ ዳቦውን እሱ በገዛ እጁ እንዲያድላቸው ታደርጋለች። ይህ ካልሆነ እንደ ሁለቱ እንደሚወሰድባት አትጠራጠርም ነበር።

ሰባት ዓመት የሞላው ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ በኋላ ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጉና ተራራ ላይ አርበኞች ስለ ነበሩ፣ በከተማው ብዙ ዳቦ የጋገረ ሰው ሁሉ ስንቅ ይልካል ተብሎ ይጠረጠራል። ድግስ የሚደግስ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። አባቴ ወደ ጣሊያኖቹ ጽሕፈት ቤት ሲሄድ ለአስተርጓሚው የሚሰጠውን እንቁላል ይዤ ተከተልኩት።

«ስንት ልጅ ነው የሚመጣው?» አለ አስተርጓሚው።

«የሰፈሩ ልጅ ነው፣ ጌታዬ።»

«የሰፈሩ ልጅ ስንት ነው?»

«የሰጠው እሱ ያውቃል።»

«እንግዲያው ፈቃዱንም እሱ ይስጥህ» አለና ብዕሩን አስቀመጠ። እንቁላሉን ግን ተቀበለን።

አባቴ መቀለዱ አልነበረም። በእኛ ዘንድ ልጅ አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ስገባ «የወንድምና የእኅት ብዛት» የሚል ቅጽ ተሰጥቶኝ፣ ብዕሬን እንደያዝኩ ብዙ ቆይቻለሁ።

መላ ያገኙት የንስሐ አባታችን ናቸው። መጀመሪያ ዳዊት ሕዝቡን በመቁጠሩ የወረደውን መቅሠፍት ተረኩልን፤ ጥቂት አሰቡና «ባቄላ መቁጠር ግን ማንም አልከለከለም» አሉ። እናቴ ወዲያው ሙዳይ ሰጥታ ላከችኝ። በየቤቱ እየዞርኩ ሙዳዩን እዘረጋለሁ፤ እናትየዋ ለእያንዳንዱ ልጇ አንድ ባቄላ ትጨምራለች። ዓይን አፋር ስለ ነበርኩ የመጣሁበትን ጉዳይ መናገር አቅቶኝ በየደጁ እገተር ነበር። አንዲት ጎረቤታችን «ምነው፣ አፍሽንም ለጣሊያን አስረከብሽው?» ብላ ሳቀችብኝ። እሷ የጨመረችውን ለማየት አልደፈርኩም፤ ዓይኔን ወደ ጣራው አነሣሁ።

ቤት ስመለስ እናቴ ለእኔ አንድ ባቄላ ጨመረች። ሌላ አንድ አነሣች፣ ትንሽ ያዘችው፣ ከዚያ ወደ ቁናው መልሳ ሙዳዩን ከደነች።

«የእሱስ?» አልኳት።

«ዝም በይ!»

ለአባቴ ልነግረው እችል ነበር፤ አልነገርኩትም። እሱ ባቄላውን ቆጥሮ ቁጥሩን ይዞ ሄደ፤ አስተርጓሚው ወረቀቱ ላይ አርባ ሦስት ልጆች ብሎ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የሥራ ነበር። አጎቴ ከጉና በግ ነድቶ መጣ። እናቴ ድፎ ዳቦው የሚጋገርበትን የኮባ ቅጠል ከአንዷ አገኘች፣ ዋንጫውን ከሌላዋ ተዋሰች፤ ለልጆች የሚሆን ቅራሪ ጠመቀች። ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቃት አቀማመጡ ነበር። ልጆቹን በዕድሜ ሳይሆን በጠባቸው ለየቻቸው፤ ከእገሌ ጋር በጠጠር የተፈነካከተው እዚያ፣ የሚናከሰው እዚህ፣ አልቃሻዋ ከምሰሶው አጠገብ። መሬቱ ላይ በጣቷ እያሳየች አስጠናችኝ።

በዕለቱ አባቴና ወንድሜ ማልደው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ደጃችን ላይ ጠብመንጃ የያዘ ባንዳ ዘብ ቆመ፤ ወጣት ነው፣ አነጋገሩ የቅርቡ የጋሳይ ሰው ይመስላል። ልጆቹ መምጣት ሲጀምሩ ጣቱን ቀስሮ «አንድ፣ ሁለት» ማለት ጀመረ። እናቴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

«አንተ! በሰው ልጅ ላይ ጣትህን አትቀስር! እናት የለህም?»

«አለችኝ፣ እሜቴ፤ እሷም እንደርስዎ ናት። ግን ጣሊያኑ ሹም መጥቶ ያያል። ከወረቀቱ አንድ ቢያልፍ የምገረፈው እኔ ነኝ።»

እናቴ ሙዳዩን አምጥታ አስታቀፈችው። አንድ ልጅ በገባ ቁጥር አንድ ባቄላ እያነሣ ኪሱ ይከታል። «ጎንበስ፣ ግባ። ጎንበስ፣ ግቢ» ይላል። እኔም በአንድ ባቄላ ገባሁ።

አባቴና ወንድሜ ከንስሐ አባታችን ጋር የደረሱት ልጆቹ ሁሉ ከተቀመጡ በኋላ ነው። ወንድሜ አዲስ የተላጨ ራሱን እየዳበሰ ሊገባ ሲል ዘበኛው ሙዳዩን ገልብጦ አሳየው።

«አለቀ።»

«የድግሱ ባለቤት እኮ ነው!» አለ አባቴ።

«ታዲያ ባቄላው የታለ?»

አባቴ እናቴን አያት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«አልጨመርኩትም» አለች። «እሱን እንዴት ልቁጠረው?»

ሹሙና አስተርጓሚው ከወደ መንገዱ ሲመጡ ይታያሉ። ዘበኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሜቴ፣ አንዱን ያስወጡና እሱ ይግባ። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም» አላት።

እናቴ ዞር ብላ ልጆቹን አየች። የጠሩትን የሰው ልጅ ከማዕድ ማስነሣት አይቻልም። እኔ እንደ ልማዴ በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ተነሥቼ ወጣሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ዘበኛው ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ አንድ ባቄላ ከኪሱ አውጥቶ ሙዳዩ ውስጥ ጣለ፣ ከዚያ ያንኑ መልሶ አንሥቶ ወንድሜን አስገባ።

ሹሙ በበሩ አጮልቆ አየና ስለ እኔ ጠየቀ። ዘበኛው «የጎረቤት ልጅ ናት» ብሎ ለአስተርጓሚው ነገረው። ሄዱ። ከውስጥ የንስሐ አባታችን ቡራኬ አለቀና የወንድሜ ድምፅ መሰማት ጀመረ፦ «እንካ። እንኪ። እንካ።»

እናቴ ሁለት ቁራሽ ዳቦ ይዛ ወጣች፤ አንዱን ለዘበኛው፣ አንዱን ለእኔ።

«አሁንማ ትግባ፣ እሜቴ፤ ሰዎቹ ሄደዋል» አላት።

እናቴ ወደ ውስጥ አየች። ወንድሜ ገና ግማሹን እንኳ አላዳረሰም።

«ትቆይ» አለች። «እሱ እስኪጨርስ ትቆይ።»

ግድግዳውን ተደግፌ ከዘበኛው ጋር በላሁ። ዳቦው ገና ትኩስ ነበር።